አሮጌው ፍሪጅ ይጠገን ወይስ ይሸኝ? ከመወሰናችሁ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ፍሪጁ ሌሊት ያጉረመርማል። ልብስ ማጠቢያው ሲጨምቅ ቤቱን ያናውጣል። ምጣዱ እስኪግል ድሮ ከሚፈጀው እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። ያኔ ቤት ውስጥ ክርክር ይነሳል። አንዱ «ይጠገን» ይላል፣ ሌላው «በቃው፣ አዲስ ይገዛ» ይላል።

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር በአብዛኛው ለሌላ አገር የተጻፈ ነው። «ፍሪጅ 10 ዓመት ካለፈው ቀይሩት፣ በሚቆጥበው መብራት ዋጋውን ይመልሳል» ይላል። እዚያ መብራት ውድ ነው። የጠጋኝ የእጅ ዋጋ አይቀመስም። አዲስ ዕቃ ግን ከደሞዝ አንጻር ቀላል ነው። እኛ ጋ ሦስቱም የተገላቢጦሽ ናቸው። በተለይ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የቤት ዕቃ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ስለዚህ የዕቃውን ዕድሜ ለጊዜው እርሱት። አደጋ አለው ወይ? ዋናው ክፍሉ ደህና ነው ወይ? ቆጣሪው ምን ይላል? በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ መልሱ ራሱ ይመጣል።

1. ዕቃውን ከመውቀሳችሁ በፊት መብራቱን አስለኩ

ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ቮልት መሆን አለበት። ብዙ ሰፈር ግን ማታ፣ ሁሉም ሰው ራት በሚሠራበት ሰዓት፣ ይወርዳል። ቮልት ሲወርድ የሚያሞቁ ዕቃዎች ጉልበታቸው ከምታስቡት በላይ ይቀንሳል። ከ220 ወደ 180 ከወረደ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ብቻ ነው። ጠዋት ቆንጆ አድርጎ የሚጋግር፣ ማታ ግን እንጀራው ዓይን የማያወጣለት ምጣድ ምንም አልሆነም። የተቸገረው መብራቱ ነው።

መልቲሜትር ያለው ኤሌክትሪሺያን ጥሩና ሶኬቱን ጠዋትም ማታም አስለኩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ አዲስ ዕቃ መግዛት ችግሩን አይፈታውም። ብሩን ያወጣችሁበት አዲስ ፍሪጅ እዚያው ሶኬት ላይ ይሰቃያል። በቅድሚያ ስታብላይዘር፣ ማለትም ቮልቱን የሚያስተካክለውን ዕቃ፣ ግዙ። ስትገዙ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቀውን ምረጡ።

ስታብላይዘር ከሌላችሁ መብራት ሲሄድ የፍሪጁን ሶኬት ንቀሉ። ሲመጣ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ መልሱት። ኮምፕሬሰሩ እንደቆመ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት በአንድ በኩል ከፍተኛ፣ በሌላው በኩል ዝቅተኛ ነው። ሳይመጣጠን ተነስ ሲባል ይታገላል፣ ይግላል፣ ሲደጋገም ይቃጠላል። በእኛ ከተማ መብራት እየሄደ በመጣ ቁጥር ስንት ደህና ፍሪጅ እንዲህ እንደተበላሸ ሳስበው ያንገበግበኛል። ሶኬት መንቀል ነጻ ነው።

2. አደጋ ካለው አሁኑኑ አቁሙት

ዕቃው ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ሌላ ሂሳብ አያስፈልግም። ሶኬቱን ንቀሉ። «ትንሽ ነው የምትነዝረው፣ ነጠላ ጫማ አድርገህ ክፈተው» የሚባለውን አትስሙ። እጅ ሲረጥብ ወይም ልጅ ባዶ እግሩን ሲመጣ ያቺ ትንሽ ነገር ትገድላለች።

መንዘር ማለት ግን የግድ ዕቃው ሞተ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ነክቷል፣ ወይም ውሃ ገብቷል። ቤቱ ኧርዝ (ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) የሌለው ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ ተደብቆ ይቆያል። ባለሙያው ሁለቱንም ይይላችሁ፤ ዕቃውንም፣ የቤቱን ኧርዝም። ተስተካክሎ መንዘሩ ካቆመ ዕቃው ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋል። ከየት እንደሚነዝር ማወቅ ካልተቻለ ይሰናበት።

ሶኬቱ የሚግል፣ ፕላስቲኩ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ከሆነም እንዲሁ አቁሙ። ምጣድን ወይም ቦይለርን ዲቫይደር ላይ መሰካት ፈጽሞ አይሆንም። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ይህ ወደ 16 አምፒር ነው፣ የተራ ሶኬት የመጨረሻ አቅም። ለምጣድ ለብቻው 4 ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር አሠሩለት።

3. ዋናውን ክፍል መርምሩ

*ፍሪጅ*

የፍሪጅ ልቡ ኮምፕሬሰሩ ነው፣ ከኋላ ታች ያለው ጥቁር ድብልብል። እሱ ደህና ከሆነ ቀሪው በአብዛኛው ይጠገናል። ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ግን ራሳችሁ የምታዩት ብዙ አለ።

አንድ የብር ኖት ውሰዱ። ግማሹ ውጭ እንዲቀር አድርጋችሁ በሩን ዝጉበት። ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ያዝ ካደረገው ጎማው ደህና ነው። እየተንሸራተተ ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ ቅዝቃዜው ያመልጣል ማለት ነው። በሩን ዙሪያውን በየጥቂት ጣት ርቀት እንዲህ ሞክሩት፣ በተለይ ማዕዘኖቹንና ማጠፊያው ያለበትን በኩል። ብዙ ጊዜ ጎማው የቆሸሸ ብቻ ነው። በእጥፋቱ ውስጥ የወጥ ጠብታና ፍርፋሪ ደርቆበታል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት፣ እንደገና ሞክሩት። የተጨራመተ ጎማ በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅና በጣት ሲስተካከል የሚመለስበት ጊዜም አለ። ከተሰነጠቀ ይቀየራል።

ከዚያ ፍሪጁን ከግድግዳው ሳቡትና ጀርባውን እዩ። ጥቁሩ የሽቦ መረብ ሙቀት የሚያስወጣበት ነው። አቧራና የሸረሪት ድር ከለበሰው ሙቀቱ አይወጣም፣ ኮምፕሬሰሩም ሳያርፍ ይሠራል። ሶኬቱን ነቅላችሁ በብሩሽ ጥረጉት። ስትመልሱት ከግድግዳው 10 ሴንቲ ያህል አርቁት። ከምድጃ አጠገብ ከሆነ ቦታ ቀይሩለት።

በረዶው ከግማሽ ሴንቲ በላይ ከወፈረ አጥፍታችሁ ይቅለጥ። እባካችሁ በቢላ አትፈልፍሉት። ከበረዶው ሥር ያለው አሉሚኒየም ስስ ነው፣ አንዴ ከተበሳ ጋዙ በሙሉ ይወጣል። ደህና ሆኖ በቢላ ጫፍ የሚሞት ፍሪጅ ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልቀዘቀዘ ባለሙያ ይምጣ። «ቀጭ» እያለ መነሳት ካቃተው ጥፋቱ ሪሌይ፣ ማለትም ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሳው ትንሽ ክፍል፣ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ርካሽ ነው። ላይኛው በረዶ ቤት እየቀዘቀዘ ታችኛው ሞቅ ካለ፣ በተለይ ግድግዳቸው ላይ በረዶ በማይጋግሩት (ኖ ፍሮስት) ፍሪጆች፣ ብዙ ጊዜ ፋኑ ወይም በረዶ የሚያቀልጠው ክፍል ነው። ይህም ይጠገናል።

«ጋዝ አልቆበታል» ከተባላችሁ ጆሯችሁን አቁሙ። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ እየነደደ አያልቅም። ከቀነሰ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ ብቻ ሞልቶ የሚሄድ ባለሙያ ከወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፣ እናንተም እንደገና ትከፍላላችሁ። ትክክለኛው ሥራ ቀዳዳው ተገኝቶ ሲበየድ፣ ፊልተሩ ሲቀየር፣ ቱቦው በቫኪዩም ፓምፕ ሲጸዳ፣ ከዚያም ጋዙ በሚዛን ተለክቶ ሲገባ ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። አር 600 ኤ የሚል ከሆነ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው። መጠኑ በጥቂት አሥር ግራሞች የሚለካ ስለሆነ በግምት አይሞላም። ጋዙ ቱቦው ውስጥ እያለም በእሳት አይበየድም። አር 12 የሚል በጣም አሮጌ ፍሪጅ ከሆነ ደግሞ ጋዙ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ በታዳጊ አገሮችም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ቆሟል። ያ ፍሪጅ ጋዙ ከወጣ ብዙ አትድከሙበት።

ኮምፕሬሰሩ ከተቃጠለስ? አዲስ ኮምፕሬሰር ከሆነ፣ ሳጥኑና በሩም ደህና ከሆኑ፣ ማስገባቱ ያዋጣ ይሆናል። ከሌላ ፍሪጅ የተፈታ ከሆነ ግን እኔ አልገባበትም። ምን ያህል እንደሠራ የሚያውቅ የለም።

*ምጣድ*

የኤሌክትሪክ ምጣድ ቶሎ መጣል የሌለበት ዕቃ ነው። ሸክላው ለብቻ ይቀየራል። ሬዚስታንሱ ለብቻ ይቀየራል። ላሜራውና እግሩ ሲዝግ ሠፈር ያለ ብየዳ ቤት ያድሰዋል።

ሸክላውን ሲቀዘቅዝ በጣታችሁ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የታፈነ፣ የተሰበረ ድምፅ ካለው ስንጥቅ አለበት። ስንጥቁ ውስጥ ሊጥና ውሃ ገብቶ ሬዚስታንሱ ጋ ከደረሰ ይነዝራል፣ ስለዚህ «እስኪሰበር ይጋገርበት» አይባልም። ምጣዱ ግማሹን እያበሰለ ግማሹን ካላበሰለ ደግሞ ሬዚስታንሱ ከቦታው ተነስቷል ወይም ተበጥሶ ተቀጥሏል። የተበጠሰውን ጫፍና ጫፍ ጠምዝዞ ማገናኘት የተለመደ ነው፣ ግን መጥፎ ልማድ ነው። መገናኛው ላይ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ሽቦውም ስላጠረ ብዙ ከረንት ይስባል። ሙሉውን አስቀይሩት።

አዲስ ሸክላ ስትመርጡ ሳሳ ያለውንና እኩል የሆነውን ውሰዱ። ወፍራም ሸክላ እስኪግል ብዙ መብራት ይበላል። አክንባሎው በደንብ የማይገጥም ከሆነም ቀይሩት፣ እንፋሎቱ በጎን እየወጣ ሙቀት ይባክናል።

*ልብስ ማጠቢያ*

ቀበቶ፣ የውሃ ማስወጫ ፓምፕ፣ የበር ጎማ፣ እነዚህ ሁሉ ይጠገናሉ። ሲጨምቅ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ከሆነ ቤሪንጉ ነው። በርሜሉ በብሎን የታሰረ ከሆነ ይፈታል፣ ይቀየራል። በፋብሪካ ተጣብቆ የታሸገ ከሆነ ግን ሥራው ውድ ነው፣ ውጤቱም አያስተማምንም። ቦርዱ ከተቃጠለ የአዲሱን ቦርድ ዋጋ ጠይቃችሁ ወስኑ።

አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለምትኖሩ፣ ያ አሮጌ ባለሁለት ጉድጓድ ማሽን ትልቅ ሀብት ነው። በባልዲ ተሞልቶ ይሠራል። አዲሱ አውቶማቲክ ግን የውሃ ግፊት ካነሰው መሀል ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ታንከርና ፓምፕ ሳይኖራችሁ «ዘመናዊ» ብላችሁ አትለውጡት።

*ቦይለር፣ ቴሌቪዥንና ሌሎቹ*

ቦይለር የማያሞቅ ከሆነ ሬዚስታንሱ ወይም ቴርሞስታቱ ነው፣ ሁለቱም ይቀየራሉ። ራሱ በርሜሉ ከተበሳ ግን አበቃለት። ውስጡ የተለበጠ ስለሆነ ብየዳ አይይዝለትም። ከሴፍቲ ቫልቩ ውሃ ይንጠባጠባል ተብሎ ደፍኖ መተው ደግሞ እንዳይታሰብ። ግፊቱ መውጫ ካጣ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል።

ቴሌቪዥን ድምፅ እያለው ምስል ከጠፋበት ክፍሉን አጨልማችሁ በስልክ ባትሪ ስክሪኑ ላይ አብሩ። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ከኋላ ያለው መብራት ነው የተቃጠለው፣ ይሠራል። ስክሪኑ ከተሰበረ ግን ዋጋው ከአዲስ ቲቪ ብዙም አይርቅም፣ ተዉት።

የካውያ ገመድና የስቶቭ ሬዚስታንስ ማሰብም አያስፈልገውም፣ ይቀየር። የጋዝ ምድጃ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ዛሬውኑ ቀይሩት። ስቶቭን በኢንዳክሽን ለመቀየር ያሰባችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ጀበናም ሆነ የሸክላ ድስት አይሠራበትም። ማግኔት የሚስበው፣ ሥሩ ለጥ ያለ ድስት ያስፈልጋል።

4. ቆጣሪውን ጠይቁት

«ይህ አሮጌ ፍሪጅ መብራት ይበላል» የሚለውን በግምት አትቀበሉት፣ ይለካል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከፍሪጁ በቀር ሁሉንም ንቀሉ፣ መብራቱንም አጥፉ። ቆጣሪው ላይ ያለውን የኪሎዋት ሰዓት ቁጥር ከነነጥቡ ጻፉት ወይም በስልክ አንሱት። ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ ማንም ምንም ሳያበራ፣ እንደገና አንሱት። ካርድ ቆጣሪ ከሆነም ሂሳቡ ያው ነው።

ለምሳሌ ልዩነቱ 0.8 ሆነ እንበል። ይህ የ8 ሰዓት ነው፣ በ3 ስታባዙት የቀኑ 2.4 ይሆናል። የወሩ 72 ኪሎዋት ሰዓት። ቀን በሩ ስለሚከፈት ትንሽ ይጨምራል። መካከለኛ መጠን ያለው ደህና አዲስ ፍሪጅ በቀን ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ይበቃዋል፣ በወር 30 ያህል። ልዩነቱ 42 ነው። ይህን በደረሰኛችሁ ላይ ባለው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አባዙት። ለስሌት እንዲመች 5 ብር ብንለው በወር 210 ብር፣ በዓመት 2,520 ብር ትቆጥባላችሁ። አዲሱ ፍሪጅ 40 ሺህ ብር ቢሆን ዋጋውን ለመመለስ 16 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ለመብራት ብላችሁ ብቻ ደህና ፍሪጅ አትቀይሩ።

ይህ ስሌት ግን ባለበት አይቆይም። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። መስከረም 2017 የጀመረው የታሪፍ ማሻሻያም ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ነው። በዓመት አንዴ እንደገና ለኩ። የፍሪጁ ንባብ በቀን 4 ወይም 5 ከደረሰ ግን ኮምፕሬሰሩ አያርፍም ማለት ነው። ጎማውንና ጀርባውን አስተካክላችሁ ድገሙት። ካልወረደ ወደ መቀየሩ አዘንብሉ።

ቤት ውስጥ እውነተኛው በላተኛ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ምጣድ ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት እስከ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፣ የዚያን አሮጌ ፍሪጅ የሦስት ቀን ያህል። በየሁለት ቀኑ ከማጋል የሳምንቱን አንዴ መጋገር መብራት ይቆጥባል።

5. ከጠጋኙ ጋር ዋጋ ቁረጡ

ሥራው ሳይጀመር ጠይቁ። የተበላሸው ክፍል የቱ ነው? የሚገባው አዲስ ነው ወይስ ከሌላ የተፈታ? ዋስትናው ስንት ወር ነው? የወጣውን አሮጌ ክፍል ትሰጠኛለህ? ደህና ባለሙያ እነዚህ ጥያቄዎች አያስከፉትም። «እስቲ ይከፈትና ይታያል» ካለ ለመክፈቻ ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድማችሁ ተስማሙ።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው። ጥገናው የተመሳሳይ አዲስ ዕቃ ዋጋ ሲሶ የማይሞላ ከሆነ አስጠግኑ። ከሲሶ እስከ ግማሽ ከሆነ፣ ዋናው ክፍል ደህና ሆኖ የጽሑፍ ዋስትና ከተሰጣችሁ ብቻ ግቡበት። ከግማሽ ካለፈ ተዉት። ለዚያው ብልሽት በአንድ ዓመት ሁለቴ ከፍላችሁ ከሆነም ሦስተኛውን አትክፈሉ። የጥገና ደረሰኞችን አንድ ቦታ አስቀምጡ። ተደምረው ሲታዩ ብዙ ነገር ይናገራሉ።

6. ከቀየራችሁ

ዘመድ ከውጭ ዕቃ ልላክ ካለ መጀመሪያ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ማለት አለበት። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፣ ሞተር ያለው ዕቃ ደግሞ ኸርዙ ሲለያይ ይቸገራል። ከዱባይ የሚመጣው 50 ኸርዝ ስለሆነ ይስማማል። ሳዑዲ ግን 60 ኸርዝ ነው፣ ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ከዚያ ከማስመጣታችሁ በፊት ጽሑፉን አረጋግጡ።

አገር ውስጥ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ይሰካ፣ ይነሳ፣ ድምፁን ስሙት። ዋስትናው በማኅተም ይሁን፣ መለዋወጫ የት እንደሚገኝም ጠይቁ። መለዋወጫ የሌለው ርካሽ ዕቃ ሲበላሽ ሙሉ በሙሉ ቆሻሻ ነው።

አሮጌውን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ሠፈር ያለ ጠጋኝን ጠይቁት። ለመለዋወጫ ሲል የተሻለ ዋጋ ይሰጣል። ብረቱማ የትም አይወድቅም፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ ሌላ ዕቃ ይሆናል። የፍሪጁን ቱቦ ግን ጓሮ ውስጥ አትቁረጡ፣ ጋዙ አየር ላይ ይለቀቃል፣ ተቀጣጣይ ከሆነም ያቃጥላል። ፍሪጁን ለእህል ወይም ለልብስ ማስቀመጫ ልታደርጉት ካሰባችሁ ወይም ደጅ የሚቆይ ከሆነ በሩን ፍቱት። ልጅ ገብቶበት ከተዘጋ ከውስጥ መክፈት ሊያቅተው ይችላል፣ አየርም የለም።

አዲሱ ፍሪጅ ቤት ሲገባ ቶሎ አትሰኩት። በመኪና ተጋድሞ መጥቶ ከሆነ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ሄዷልና ቆሞ ይደር። በማግስቱ ሰኩት፣ ባዶውን ጥቂት ሰዓት ይሥራ፣ ሲቀዘቅዝ ዕቃ አስገቡ። በዚያው ሳምንት ቆጣሪውን ለኩና ቁጥሩን ዋስትናው ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፉት፣ ወደፊት ሲያረጅ የምታነጻጽሩት በእሱ ነው።